ሪፐር፦ ድምፅ ቀረጻን ከሥሩ መማር ለሚፈልግ ሰው

ድምፅ መቅዳትና ሙዚቃ ማቀናበር መማር የሚፈልግ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የቱን ሶፍትዌር ልጫን? የኔ መልስ ሪፐር ነው። ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶት ስለማያውቅ "እሱ ደግሞ ምንድን ነው?" ይለኛል። ስለዚህ ለምን እንደምወደው፣ የት እንደሚያስቸግርና ለማን እንደማይሆን በደንብ ልንገራችሁ።

ሪፐርን የሚሠራው ኮኮስ የሚባል ትንሽ ድርጅት ነው። መሥራቹ ጀስቲን ፍራንክል ይባላል፤ ድሮ ኮምፒውተር ላይ ሙዚቃ የምንሰማበትን ዊንአምፕን የሠራው ሰው ነው። ፕሮግራሙ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። የዊንዶውሱ መጫኛ ፋይል 20 ሜጋባይት እንኳን አይሞላም። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሌሎቹ ትልልቅ ፕሮግራሞች ከነድምፆቻቸው ጊጋባይት ላይ ጊጋባይት ይበላሉ። ፍላሽ ላይ ጭናችሁትም መዞር ትችላላችሁ። ጓደኛችሁ ቤት ሄዳችሁ ፍላሹን ትሰኩና ፕሮግራሙን ከነሴቲንጋችሁ ትከፍታላችሁ። በአሮጌ ላፕቶፕም ቢሆን ቀለል ብሎ ይሄዳል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ለ60 ቀን በነጻ ትሞክሩታላችሁ፤ የተቆለፈ ነገር የለውም። ከዚያ በኋላ ለግል ለሚጠቀም ወይም በሥራው በዓመት ከ20,000 ዶላር በላይ ለማያስገባ ሰው ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ ለሚያስገባ ደግሞ 225 ዶላር። 60 ዶላር በዛሬው ምንዛሪ ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ በዶላር የሚከፍል ካርድ በእጁ ያለውም ጥቂት ሰው ነው፤ ብዙዎቻችን ውጭ ያለ ዘመድ ነው የምናስቸግረው። ግን ክፈሉት። ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የሚዞረው ክራክ (ሳይከፈልበት የተሰበረ ኮፒ) ቫይረስ ይዞ ይገባል፣ አፕዴት አያገኝም፣ የሰው ሥራ ላይ ተቀምጣችሁ እያለ ድንገት ይዘጋል። ዘፋኝ ቀጥራችሁ፣ ዘፋኙ መጥቶ፣ ድምፁ ሞቆ እያለ ሶፍትዌሩ እምቢ ሲል ማየት በጣም ያሳፍራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሪፐር ለተማሪ የሚሆነው ባዶ ስለሆነ ነው። የተዘጋጀ ቢት (የምት ቅንብር) የለም፣ ሉፕ (እየተደጋገመ የሚሄድ ቁራጭ ሙዚቃ) የለም፣ የሚያምር የፒያኖና የድራም ድምፅ አብሮት አይመጣም። አብዛኛው ጀማሪ ሉፕ ጎትቶ፣ ሉፕ ደርቦ፣ በአንድ ማታ ጆሮ የሚገባ ነገር ይሠራል። ከዚያ እውነተኛ ሰው ማይክ ፊት ሲቆምለት ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። አንድ አጭር ኮርስ የወሰዱ ልጆች አውቃለሁ፤ ኮርሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ ብቻ ነበር፣ አንድ ማይክ በእጃቸው ሳይነኩ ሰርተፍኬት ተሰጣቸው። ያናድዳል። ሪፐርን ስትከፍቱ ግን ከፊታችሁ ያለው አመድማ ባዶ ገጽ ነው። አንድ ነገር እንዲሰማ ከፈለጋችሁ ማይክ መሰካት፣ ሳውንድ ካርዱን (ማይኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ዕቃ) ማስተዋወቅ፣ ትራክ (አንድ ድምፅ የሚቀዳበትን መስመር) መክፈት፣ የቀረጻ ቁልፏን ቀይ ማድረግ የግድ ነው። ትምህርቱ የሚጀምረው እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ሌቭል፣ ማለትም ድምፁ የሚቀዳበት ከፍታ ነው። ቁልፏ ቀይ ስትሆን አጠገቧ ያለው ሜትር ከድምፁ ጋር ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል። ብዙ ሰው ሜትሩ እስከ ጫፍ እንዲደርስ ይፈልጋል። ይህ ከካሴት ዘመን የመጣ ልማድ ነው፤ ቴፕ የራሱ ሽሽታ ስላለው ድምፁን ከፍ አድርጎ መቅዳት ያኔ ያስኬድ ነበር። በዲጂታል ግን 0 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ጣሪያ ነው። ከዚያ ያለፈው ድምፅ ይቆረጣል፣ የተቆረጠውን ደግሞ በኋላ አስተካክለዋለሁ ማለት ዘበት ነው። በ24 ቢት ቅዱ (ይህ ቢት የምት ቅንብሩ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ድምፁን የሚመዘግብበት የዲጂታል አሃዝ ነው)። እያንዳንዱ ቢት ወደ 6 ዴሲቤል የሚጠጋ ቦታ ይሰጣል፣ ስለዚህ ወደ 144 ዴሲቤል የሚደርስ ስፋት አላችሁ፤ መሻማት አያስፈልግም። አማካዩ -18 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን፣ ጫፉ ከ-10 አይለፍ። እና እባካችሁ ሌቭሉን "ሃሎ፣ ሃሎ፣ አንድ ሁለት" እያስባላችሁ አትለኩ። ዘፋኝ ሲናገርና አዝማቹ ላይ ሲጮህ ሁለት የተለያየ ሰው ነው። በጣም ከፍ የሚልበትን ቦታ አዘፍኑት፣ በሱ ለኩ።

ቀጥሎ የሚመጣው መዘግየት ነው። ዘፋኙ በሄድፎን የራሱን ድምፅ ዘግይቶ ሲሰማ ምቱን ይስታል፣ ጥፋቱ ግን የሱ አይደለም። በዊንዶውስ ከሳውንድ ካርዱ ጋር የሚመጣውን የኤሲዮ ድራይቨር (ካርዱን ከፕሮግራሙ ጋር በፍጥነት የሚያገናኝ ሶፍትዌር) ጫኑና ሪፐር ውስጥ እሱን ምረጡ። በ48 ኪሎኸርዝ (ድምፁ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ሲለካ) በፈሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ድምፁን አጠራቅሞ የሚያስተናግድበት ቋት፣ 128 ሲሆን ወደ 2.7 ሚሊሰከንድ ነው፣ ጆሮ አይለየውም። 1024 ሲሆን ወደ 21 ሚሊሰከንድ ይደርሳል፤ በመግቢያና በመውጫ ሲደመር ደግሞ ማንም ይሰማዋል። ስትቀዱ ዝቅ፣ ሚክስ ስታደርጉ (የተቀዱትን ድምፆች ስታዋህዱ) ከፍ አድርጉት።

ይህን ፕሮግራም በጣም የወደድኩት ግን ማሲንቆ ስቀዳ ነው። ክፍሉ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነበር። ኮንደንሰር ማይኩን ጅራቱ ካለበት ቦታ አስጠግተን ስንጀምር የሚሰማው የቀስቱ ፍትጊያ ብቻ ነበር፤ ዜማው ከኋላ ቀረ። ማይኩን ወደ አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርገን፣ ፊቱን ከጅራቱ ወደ ቆዳው አዙረን፣ ወለሉ ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ስናነጥፍ ድምፁ ወዲያው ሰውነት አገኘ። ከዚያ ሪኢኪው የሚባለውን የሪፐር ኢኳላይዘር (የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍል ለየብቻ ከፍ ዝቅ ማድረጊያ) ከፈትኩ። እሱ ድምፁ በሚሄድበት ጊዜ ከየት እስከ የት እንዳለ በስዕል ያሳያል። ተጫዋቹ ዝቅተኛውን ኖታ ሲስብ የመጀመሪያው ጉብታ የት ላይ እንደሚነሣ አየን፤ ከሱ በታች ያለው ሁሉ የመንገዱ ሚኒባስ ጉርምርምታ ነው። እሱን ቆረጥን። ማሲንቆው ምንም አልጎደለበትም። እንዲህ እያያችሁና እየሰማችሁ ስትማሩ "ከ80 ኸርዝ በታች ቁረጥ" የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ ይገባችኋል፣ መቼ እንደማይሠራም ጭምር።

ከበሮም እንደዚሁ። በሁለት ማይክ፣ አንዱን በሰፊው ፊት፣ ሌላውን በጠባቡ በኩል ብትቀዱት ለየብቻ ያምራሉ፣ አንድ ላይ ሲሰሙ ግን ጉልበቱ ሊጠፋ ይችላል። ምክንያቱም አንዱ ቆዳ ሲመታ ከማይኩ ይሸሻል፣ በዚያው ቅጽበት የወዲያኛው ቆዳ ወደ ማይኩ ይገፋል፤ ሁለቱ ሲደመሩ ይጠፋፋሉ። ሪፐር በእያንዳንዱ ትራክ ላይ ፌዝ (የድምፁ ሞገድ የሚገፋበትንና የሚስብበትን አቅጣጫ) የምትገለብጥ ትንሽ ቁልፍ አለችው፣ ክብ ሆና መሐሏን መስመር የሚያቋርጣት። እሷን በአንዱ ትራክ ላይ ተጫኗት። ጉልበቱ ተመልሶ ሲመጣ ስለ ፌዝ የሚያስረዳችሁ ሌላ ሰው አትፈልጉም።

ለኛ ዜማ የሚመች ሌላም ነገር አለ። ሪቱን የሚባለው የድምፅ ማቃኛ የፒያኖ ቁልፎች ያሳያችኋል፤ የማትፈልጉትን ኖታ ታጠፋላችሁ። ከዶ የሚነሣ የትዝታ ሜጀር ከሆነ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ይቀራሉ። ይህን ሳታደርጉ ካበራችሁት ድምፃዊው በሚንሸራተትበት ቦታ ሁሉ ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ኖታ ይሰነቅርላችኋል። አንቺ ሆዬ ላይ ግን እባካችሁ ጨርሶ አታብሩት። በማሲንቆና በክራር ሲዜም ፒያኖ ላይ በትክክል የማይገኙ ቦታዎች አሉት፣ ውበቱም እዚያ ነው። ችክችካ ለመቅዳት ደግሞ ፕሮጀክቱን በ6/8 ክፈቱ። ዝም ብላችሁ በ4/4 ከጀመራችሁ ክሊኩም (ምት ቆጣሪው) መስመሮቹም ከከበሮው ጋር ሲጣሉ ይውላሉ።

መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ጠቃሚ ነገር ልጨምር። ሴቲንግ ውስጥ ፕሮጀክቱን በየጥቂት ደቂቃው በሰዓት ምልክት እየለየ የሚያስቀምጥ አማራጭ አለ። በመጀመሪያው ቀን አብሩት። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ያለው ሰው ይህን ሳያበራ አንድ መስመር እንኳን ባይቀዳ ይሻለዋል።

አሁን ችግሮቹ። መልኩ አያምርም፤ ሜኑው ውስጥ ገብቶ መውጣት ራሱ ሥራ ነው፣ አንድ ነገር ላይ በቀኝ ስትጫኑ የሚወርደው ዝርዝር ስክሪኑን ይሞላዋል። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ አልዋሻችሁም። የመሣሪያ ድምፅ ስለሌለው ኪቦርድ ሰክታችሁ ቤዝና ፓድ መጫወት ከፈለጋችሁ ፕለጊኑን (ሪፐር ውስጥ የሚገባ ተጨማሪ ፕሮግራም) ከሌላ ቦታ ማምጣት አለባችሁ፤ ነጻና ጥሩ የሆኑ ሞልተዋል፣ ግን ፈልጎ መጫን ጊዜ ይወስዳል። ቢት ብቻ መሥራት የሚፈልግ፣ ማይክ የመሰካት ሐሳብ የሌለው ሰው ኤፍኤል ስቱዲዮ በሚባለው ሌላ የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ቢጀምር በፍጥነት ይደሰታል። ሌላው፣ እዚህ ከተማ ስቱዲዮዎች በአብዛኛው በሌላ ፕሮግራም ስለሚሠሩ የሪፐር ፕሮጀክታችሁን እንዳለ ይዛችሁ ብትሄዱ የሚከፍትላችሁ አታገኙም። እያንዳንዱን ትራክ ከዜሮ ጀምሮ እኩል አድርጋችሁ በዌቭ (በሌሎቹ ፕሮግራሞችም በሚከፈት የድምፅ ፋይል) አውጡና ውሰዱ። ሪፐር ይህን በአንድ ትእዛዝ ይሠራዋል።

ለመማሪያ ኬኒ ጆያ የሚባለው ባለሙያ የሠራቸው አጫጭር ቪዲዮዎች በሪፐር ድረ ገጽ ላይ በነጻ አሉ። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ ሰውየውም አይቸኩልም። በአማርኛ እንዲህ በቅደም ተከተል የሚያስተምር ሰው ቢነሣ እንዴት ደስ ባለኝ፤ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አስተምሩ።

ለመግዛት ለወሰናችሁ፣ አንዱን ፈቃድ ከአንድ በላይ የራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ መጫን ትችላላችሁ፣ በአንድ ጊዜ በአንዱ ብቻ እስከተጠቀማችሁ ድረስ። 7ኛው እትም የወጣው በ2023 ነው፤ ለሱ የተገዛ ፈቃድ እስከ 8.99 ድረስ ያሉትን አፕዴቶች ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሸፍናል።