ሜክ፣ ሲሜክ ወይስ ሜሰን? ዊንዶውስም ሊኑክስም ማክም ላይ መሥራት ላለበት ፕሮግራም

«እኔ ጋ እኮ አልሠራም አለ።»

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። ፕሮግራሙን በነጋታው ጠዋት ለደንበኛ እናስረክባለን። እኔ ጋ፣ ሊኑክስ ላይ፣ አንዴ «ሜክ» ስለው ጨርሶ ቁጭ ይላል። ባልደረባዬ ጋ፣ ዊንዶውስ ላይ፣ ገና ሳይጀምር ቆመ። የስህተቱን ፎቶ በቴሌግራም ላከችልኝ። ረጅም የእንግሊዝኛ መስመር መሃል ሁለት የጥያቄ ምልክት ተገትሯል፤ «??»። ለካ የፎልደሯ ስም ነው። በአማርኛ «ሥራ» ብላ ሰይማዋለች።

ኮዱ ምንም አልሆነም። የተደናቀፈው ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው መሣሪያ ነው። ያን ሌሊት እንደምንም አለፍነው። ከዚያ በኋላ ግን ለሳምንታት መሣሪያ ስንቀያይር ከረምን። ያየነውን ልንገራችሁ፤ ምርጫ ላይ ካላችሁ ሌሊቱ ይተርፋችኋል።

እዚህ የማነሳቸው ሁሉ በነፃ ይወርዳሉ። ስለዚህ ዋጋ ስል በቀጥታ ብር ማለቴ አይደለም። ሰዓት ነው፣ የዳታ ፓኬጅ ነው፣ ከቡድኑ ማን ዊንዶውሱን እየተከታተለ ይጠግናል የሚለው ጣጣ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልበል፦ «ማክ» ኮምፒውተሩ ነው፣ «ሜክ» መሣሪያው። በስልክ ስታወሩ ትደናገራላችሁ። እኛ ግማሽ ቀን አቃጥለንበታል።

ሜክ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ

ሜክን ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 ቤል ላብስ ውስጥ ሠራው። ሐሳቡ ዛሬም ያምራል። ይህ ፋይል የሚሠራው ከእነዚህ ፋይሎች ነው ትሉታላችሁ፤ እሱ የተቀየረውን ብቻ ለይቶ እንደገና ይሠራል። ትዕዛዝ ያለበት መስመር በታብ መጀመር አለበት። በስፔስ ከጀመረ ያኮርፋል። ፌልድማን ታቡ እንደማያዛልቅ ቶሎ ገብቶት ነበር። ግን ያኔ አሥራ ሁለት የሚሆኑ ተጠቃሚዎች ነበሩት፣ አብዛኞቹም ጓደኞቹ። እነሱን ላለማስቸገር ብሎ ተወው። ለአሥራ ሁለት ሰው የተያዘ ይሉኝታ ይኸው ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆነው።

ታቡስ ይለመዳል። የማይለመደው ሌላ ነው። ሜክ ራሱ ብዙ አያውቅም፤ የጻፋችሁለትን መስመር ለሼል (የተጻፈ ትዕዛዝ ተቀብሎ ለሚፈጽመው ፕሮግራም) አቀብሎ ይጠብቃል። ሊኑክስና ማክ ላይ ያለው ሼል ፋይል የሚያጠፋውን «አርኤም»ን፣ ፋይል የሚገለብጠውን «ሲፒ»ን ያውቃል። የዊንዶውሱ ሲኤምዲ አያውቃቸውም። ስለዚህ «ሜክ ዊንዶውስ ላይ አይሠራም» ሲባል ሙሉ እውነት አይደለም። ሜክ ይሠራል። የሊኑክስ ልጆች የሆኑት ውስጡ የጻፍናቸው ትዕዛዞች ናቸው።

በዚያ ላይ የስም ነገር አለ። ሜክ ስፔስ ሲያይ አንድ ስም አልቆ ሌላ የጀመረ ይመስለዋል። ዊንዶውስ ስንጭን ስንቶቻችን ነን የተጠቃሚ ስም ላይ ከነአባታችን የምንሞላው? ፎልደሩ መሃሉ ላይ ስፔስ ይኖረዋል። ሜክም ልጅና አባትን ለየብቻ ይፈልጋቸዋል፣ ሁለቱንም አያገኛቸውም።

የጥያቄ ምልክቶቹ ጉዳይ ደግሞ በተለይ እኛን ይመለከታል። ዊንዶውስ ከድሮ ጀምሮ ለየቋንቋው አንድ የፊደል ሰንጠረዥ ነበረው። ለሩሲያኛ 1251፣ ለዓረብኛ 1256። ለግዕዝ ፊደል እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ተሠርቶለት አያውቅም። አማርኛ ዊንዶውስ ላይ የገባው በዩኒኮድ (የየቋንቋውን ፊደል በአንድ በያዘው ሰንጠረዥ) ብቻ ነው። ስለዚህ ፋይል በድሮው መንገድ የሚከፍት መሣሪያ «ሥራ»ን ሲያይ የሚያየው «??» ነው። ሩሲያዊ በራሱ ኮምፒውተር ላይ በዕድል ሊያልፍለት ይችላል። ለእኛ በዕድልም አያልፍም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የኮዱን ፎልደር ሲ ድራይቭ ሥር በላቲን ፊደል፣ በአጭር ስም አስቀምጡት። ፎልደርን በአማርኛ መሰየም መብታችን ቢሆንም፣ ከሜክ ጋር መሟገት ትርፍ የለውም።

ማክ ላይም ሁሉ አልጋ በአልጋ አይደለም። አፕል አብሮ የሚሰጠው ሜክ 3.81 ነው፤ የወጣው በ2006። ከዚያ በኋላ ያሉት አፕል በማይፈልገው ፈቃድ ሥር ስለገቡ እዚያው ቀረ። ሊኑክስ ላይ አዲሱን ሜክ አይታችሁ የጻፋችሁት ነገር ማክ ላይ ጭራሽ ላይገባው ይችላል።

ሁላችሁም ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ፣ ወይም አንድ ሁለት ማክ ብቻ ካለ፣ ሜክ ይበቃችኋል። አትቀይሩ። ዊንዶውስ የሚጠቀም አንድ ሰው እንኳ ካለ ግን ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

ኦቶቱልስን በአጭሩ ልለፈው። ኮምፒውተሩ ላይ ምን እንዳለ እየፈተሸ ለሜክ የሚያዘጋጀውን «ኮንፊገር» የሚባል ረጅም ስክሪፕት የሚያመርተው እሱ ነው፤ ዋናው ክፍሉ አውቶኮንፍ በ1991 ተጀመረ። በዘመኑ የዩኒክስ (የሊኑክስና የማክ ቅድመ አያት) ዝርያዎችን ያስታረቀ ባለውለታ ነው። ግን ስክሪፕቱ የሼል ስክሪፕት ነው። ዊንዶውስ ላይ መጀመሪያ ኤምሲስ2 ወይም ሲግዊን የሚባል ትንሽ ዩኒክስ መጫን አለባችሁ። ከዚያም የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት የመስመር መጨረሻዎችን ወደ ዊንዶውስ ዓይነት ቀይሯቸው ከሆነ፣ ስክሪፕቱ ዓይን በማያየው አንድ ምልክት ምክንያት ይሞታል። ለአዲስ ፕሮጀክት አይሁንባችሁ።

ሲሜክ፣ የሁሉን ቋንቋ የሚናገር ደላላ

ሲሜክ ከ2000 ጀምሮ ኪትዌር በሚባል የአሜሪካ ኩባንያ የተሠራ ነው። የተወለደው ለሕክምና ምስል ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ነው፤ ገንዘቡን የሰጠው የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ነበር። ሶፍትዌሩ በዩኒክስም በዊንዶውስም መሠራት ስለነበረበት ያኔ የነበሩት መሣሪያዎች አልበቁም። ማለት፣ የእኛው ችግር ነው የወለደው።

ሲሜክ ራሱ ኮዱን ወደ ፕሮግራም አይቀይርም። እንደ ደላላ ነው። የምትፈልጉትን በአንድ ፋይል ትነግሩታላችሁ፣ እሱ ለየአገሩ ባለሙያ በየቋንቋው ይጽፍለታል። ዊንዶውስ ላይ የቪዥዋል ስቱዲዮ (የማይክሮሶፍት የኮድ መሥሪያ) ፕሮጀክት ያወጣል፤ ማክ ላይ የኤክስኮድ (የአፕሉ አቻው)፤ ሊኑክስ ላይ የሜክ ወይም የኒንጃ። ኒንጃ የክሮም ብራውዘርን ለማፍጠን ጉግል ውስጥ የተጀመረ በጣም ፈጣን መሣሪያ ነው፤ በሦስቱም ላይ ይሠራል። ኒንጃ ከ1.11 ቅጂው ወዲህ ደግሞ አዳዲስ ዊንዶውሶች ላይ ዩኒኮድ ስለሚያነብ «ሥራ» የሚለውን ፎልደር አይፈራም።

ሲሜክን የወደድኩት በአንድ ትንሽ ነገር ነው። ፋይል መገልበጥ፣ ማጥፋት፣ ፎልደር መፍጠር የሚችሉ የራሱ ትዕዛዞች አሉት። በሦስቱም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። ያ ሁሉ የ«አርኤም» ጭቅጭቅ በአንድ ከሰዓት አለቀ።

የማልወድለት ቋንቋውን ነው። ሁሉም ነገር ጽሑፍ ነው፣ ዝርዝር እንኳ በሴሚኮለን (;) የተከፋፈለ ጽሑፍ ነው። አንድ ጥቅስ ምልክት ረስታችሁ ሁለት ሰዓት ልትፈልጉ ትችላላችሁ። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ትምህርት ደግሞ ግማሹ አርጅቷል። አሮጌውን ከአዲሱ ለመለየት አንድ ፈሊጥ አለኝ። ትምህርቱ ኮምፓይለሩን (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመውን) ለሙሉ ፕሮጀክቱ በአንዴ የሚያዝ ከሆነ አሮጌ ነው። ለእያንዳንዱ ፕሮግራምና ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ለየብቻ የሚያዝ ከሆነ አዲስ ነው፤ እሱን ተከተሉ።

እጅ ከፍንጅ የያዘንን አንድ ወጥመድም ላሳያችሁ። እኔ ሊኑክስ ላይ ገና ሳዋቅር «ሪሊዝ» እለዋለሁ፣ ፈጣን ፕሮግራም ይወጣል። ባልደረባዬ ያንኑ ትዕዛዝ ቪዥዋል ስቱዲዮ ላይ አስኬደች፣ ስህተት የለም። የወጣው ግን «ዲበግ» የሚባል ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ ቀርፋፋ ፕሮግራም ነው። ምክንያቱም ቪዥዋል ስቱዲዮና ኤክስኮድ ሁለቱንም ዓይነት በአንድ ላይ ይይዛሉ፤ «ሪሊዝ» የሚባሉት ሲዋቀሩ ሳይሆን ሲሠሩ ነው። ሁለት ቀን ኮዳችን ለምን ዘገየ ስንል ከረምን።

ሌላው፣ በ2025 የወጣው ሲሜክ 4 ከ3.5 በፊት ለነበሩ ቅጂዎች የተጻፉ ፕሮጀክቶችን አይቀበልም። አሮጌ የሰው ላይብረሪ የምትጠቀሙ ከሆነ ድንገት ቀጥ ሊል ይችላል። የሚታለፍበት ቅንብር አለው፣ ግን ማወቅ ይጠይቃል።

ሜሰን፣ አጭር አንደበት

ሜሰንን የጀመረው ፊንላንዳዊው ዩሲ ፓካነን ነው፤ የመጀመሪያው ቅጂ በ2013 ወጣ። በፓይተን ተጽፏል፣ ከጀርባው ኒንጃን ያሠራል። የሚጻፍበት ቋንቋ በጣም አጭር ነው። የእኛ ፕሮጀክት በሲሜክ ሁለት ገጽ ሆኖ ሳለ በሜሰን አንድ ገጽ አልሞላም። የራሳችሁን ፈንክሽን መጻፍ አይፈቀድም፤ ሆን ብለው ነው የከለከሉት። መጀመሪያ ያናድዳል። ከወር በኋላ ሰው የጻፈውን ስታነቡ ትመርቋቸዋላችሁ።

ዊንዶውስ ላይ ሌላ ኮምፓይለር ካላገኘ ቪዥዋል ስቱዲዮን ራሱ ፈልጎ ያነሳል። ልዩ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ክፈቱ የሚለው ሥርዓት ቀረ ማለት ነው።

ይህን መሣሪያ ቁም ነገር አድርጌ እንድወስደው ያደረገኝ ፖስትግሬስ ነው፣ ዳታቤዙ። ለረጅም ዘመን ሁለት ቤት ነበረው። ለዩኒክስ አውቶኮንፍና ሜክ፣ ለቪዥዋል ስቱዲዮ ደግሞ በፐርል የተጻፉ የብቻ ስክሪፕቶች። አንዱ ጋ ፋይል የጨመረ ሰው ሌላኛውም እንዳይሰበር ማሰብ ነበረበት። በ2023 በወጣው 16ኛው ቅጂ ሜሰንን አስገቡ፣ በ2024 በወጣው 17ኛው የዊንዶውሱን ስክሪፕቶች አስወገዱ። አውቶኮንፉን ግን ወዲያው አልጣሉትም። እንደዚያ ያለ ፕሮጀክት እንኳ ቀስ እያለ ከሄደ፣ እናንተም በአንድ ቅዳሜና እሁድ ለመጨረስ አትሞክሩ።

ድክመቱ ሰው ማጣት ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚጽፍ ሥራ ፈላጊ ሲሜክን ነክቶ ያውቃል፤ ሜሰንን ብዙው አያውቅም። ላይብረሪያችሁን ሌሎች እንዲጠቀሙበት ከፈለጋችሁም «ሲሜክ አለው ወይ?» ብለው ይጠይቋችኋል። ቪዥዋል ስቱዲዮ ውስጥ ከፍቶ በማውዝ መሥራት የለመደ ሰው ካለ ደግሞ ሲሜክ ይመቸዋል። ሜሰንም የቪዥዋል ስቱዲዮ ፕሮጀክት ማውጣት ይችላል፣ ግን እንደ እንግዳ ነው።

ባዜል የሚባለውን ሌላ መሣሪያ ጉግል በ2015 ለሕዝብ ለቀቀው። መቶ ሰው በአንድ ኮድ ላይ ለሚሠራበት ቤት የተሠራ ነው። ለአምስት ሰው ቡድን ማገዶ ለመግዛት ሲኖትራክ መከራየት ነው። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ለብዙ ሥራ ባሽ የሚባለውን የዩኒክስ ሼል ይፈልጋል፣ ረጃጅም ፎልደሮቹም 260 ፊደል ከሚለው የድሮ የዊንዶውስ ወሰን ጋር ይጋጫሉ።

«ለምን ዊንዶውሱ ላይ ደብሊውኤስኤል (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬደውን) አንጭንም?» የሚል አለ። ጥሩ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን የሚወጣው የሊኑክስ ፕሮግራም ነው። ደንበኛችሁ ሁለቴ ጠቅ አድርጎ የሚከፍተው የዊንዶውስ ፕሮግራም ከፈለገ፣ ችግሩ እንዳለ ነው።

ታዲያ እኛ ምን መረጥን? ልቤ ሜሰን ነበር። የወሰድነው ግን ሲሜክን ከኒንጃ ጋር ነው፤ ባልደረባዬ ቪዥዋል ስቱዲዮ ውስጥ ስለምትውል፣ ከምንጠቀምባቸው ላይብረሪዎችም አብዛኞቹ ሲሜክ ስላላቸው። ሁላችሁም ከተርሚናል የምትሠሩ ከሆነና ከዜሮ የምትጀምሩ ከሆነ ሜሰንን ያዙ።

ዳታና ብር ላይ ጥቂት ልጨምር። ሲሜክ በአሥር ሜጋባይቶች የሚቆጠር ነው፣ ሜሰን ከዚያም ያንሳል። ፓኬጅ የሚበላው የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ነው፤ በብዙ ጊጋባይት ነው የሚወርደው። ጫኙ ግን «ሌይአውት» የሚባል አማራጭ አለው። አንድ ሰው ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ አንዴ ያወርደዋል፣ ሌላው በፍላሽ ይቀበላል። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮሚዩኒቲ ለግለሰብ ነፃ ነው፤ ለድርጅት ግን እስከ 5 ተጠቃሚ ብቻ፣ ያውም ድርጅቱ ከ250 ኮምፒውተር ወይም ከ1 ሚሊዮን ዶላር ዓመታዊ ገቢ ካላለፈ። ሚንጂደብሊው የሚባለውን ሌላ የዊንዶውስ ኮምፓይለር መውሰድ ይቻላል፣ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። ሆኖም በእሱ የተሠራ የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ በማይክሮሶፍቱ ከተሠራ ጋር አይገጥምም፤ አንዱን መርጣችሁ ጽኑ።

ማክ ከሌላችሁ ኮድ በሚቀመጥበት ድረ ገጽ በጊትሀብ ማሽኖች ላይ መሞከር ትችላላችሁ። ለሁሉ ክፍት ለሆነ ኮድ ነፃ ነው። ለተዘጋ ኮድ ግን በወር በሚሰጠው 2,000 ነፃ ደቂቃ ላይ የዊንዶውስ አንድ ደቂቃ እንደ 2፣ የማክ አንድ ደቂቃ እንደ 10 ሲቆጠር ኖሯል። 200 የማክ ደቂቃ ማለት ነው። እኛ ማክ ላይ የምንሞክረው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው።