ክፍያ ያላቸው የኦንላይን መጠይቆች፦ ነጥብ ሰጪዎቹ ይሻላሉ ወይስ በሰዓት የሚያስቡት?

«መጠይቅ እየሞሉ ገንዘብ ማግኘት እውነት ነው ወይ? ከሆነስ የትኛው ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ከወዳጆቼ ደጋግሞ ስለሚቀርብልኝ፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ማስቀመጡን መርጫለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ለመናገር፣ ለተመራማሪዎች የጥናት ተሳታፊዎችን የሚያገናኘው ፕሮሊፊክ የሚቀበልዎ ከሆነ ሌላ ፍለጋ መድከም አያስፈልግዎትም። የማይቀበልዎ ከሆነ ደግሞ እንደ ስዋግባክስና ሰርቬይ ጃንኪ ላሉት ነጥብ ሰጪዎች (ለተሞላ መጠይቅ በገንዘብ ወይም በስጦታ ካርድ የሚቀየር ነጥብ ለሚሰጡ ድረ-ገጾች) ሊሰጣቸው የሚገባው ወረፋ እየጠበቁ ወይም ቴሌቪዥን እያዩ የሚባክን ጊዜ እንጂ ለሌላ ሥራ ሊውል የሚችል ሰዓት አይደለም።

ልዩነቱ የሚታየው ዋጋውን በመጠይቅ ሳይሆን በሰዓት ሲያሰሉት ነው። በስዋግባክስም ሆነ በሰርቬይ ጃንኪ የ100 ነጥብ ዋጋ አንድ ዶላር ያህል ነው። ስለዚህ «80 ነጥብ፣ 15 ደቂቃ» ተብሎ የቀረበ መጠይቅ ዋጋው 80 ሳንቲም ሲሆን፣ በሰዓት ሲታሰብ 3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይሆናል። ይህ ግን መጠይቁን እስከ መጨረሻው ከሞሉት ነው። ከእሱ በፊት ሦስት ሌሎች መጠይቆች እያንዳንዳቸው 5 ደቂቃ ከወሰዱብዎ በኋላ «ለዚህ ጥናት ብቁ አይደሉም» ብለው ካሰናበቱዎት፣ ያው 80 ሳንቲም የ30 ደቂቃ ዋጋ ይሆንና የሰዓት ገቢዎ ወደ 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይወርዳል። በማስታወቂያ ላይ የሚወጣው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ስሌት ነው።

መሰናበቱ ደግሞ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ጥናቱን የሚያስጠናው ኩባንያ በዕድሜ፣ በጾታና በገቢ የተወሰነ ኮታ ስላለው ኮታው እንደሞላ በሩ ይዘጋል። በዚያ ላይ ተሳታፊው የሚያየው ድረ-ገጽ ብዙውን ጊዜ የመጠይቁ ባለቤት ሳይሆን፣ እንደ ሲንት ካሉ አገናኝ ድርጅቶች የመጣለትን ሊንክ የሚያስተላልፍ ብቻ ነው፤ ዕድሜዎንና የትምህርት ደረጃዎን በየሊንኩ እንደ አዲስ የሚጠየቁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች መካከል «ከቤተሰብዎ በማስታወቂያ ወይም በገበያ ጥናት ሥራ የተሰማራ ሰው አለ?» የሚለው የተለመደ ሲሆን፣ አዎ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወዲያውኑ ይወጣል። እንዲህ ያለው በጊዜ ስለሆነ እምብዛም አይከፋም፤ የሚያንገበግበው ስለሚጠቀሙበት ሳሙናና ስለስልክዎ ዓይነት በዝርዝር ካስሞላ በኋላ መጨረሻው ገጽ ላይ «እናመሰግናለን፣ ኮታው ሞልቷል» የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 በኦክስፎርድ የተመሠረተው ፕሮሊፊክ ይህን ችግር የቀነሰው ቅደም ተከተሉን በመገልበጥ ነው። ስለራስዎ የሚጠየቁትን አንድ ጊዜ በመገለጫዎ ላይ ይሞላሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚታዩዎት እርስዎን የሚመለከቱ ጥናቶች ናቸው። ክፍያው፣ የሚወስደው ጊዜና የሰዓት ሒሳቡ ገና ሳይጀምሩ ይነገርዎታል፤ ተመራማሪዎችም በሰዓት ከ8 ዶላር በታች እንዳይከፍሉ ይገደዳሉ፣ 12 ዶላር እንዲከፍሉ ደግሞ ይመከራሉ። በነጥብ ሰጪዎቹ ዘንድ ከላይ ያሰላሁትን ያህል እንኳ ዋስትና የሚሰጥ መነሻ ዋጋ የለም።

እንከን የለውም ማለቴ ግን አይደለም። የሚቀበለው በዝርዝሩ ካሉ አገሮች ብቻ ነው፣ የተመዘገበም በተጠባባቂነት ብዙ ሊቆይ ይችላል፣ ጥሩ ክፍያ ያላቸው ጥናቶችም እንደወጡ ይሞላሉ። በመሃል «ይህን ማንበብዎን ለማረጋገጥ ‹በጣም እቃወማለሁ› የሚለውን ይምረጡ» ዓይነት ጥያቄ ስለሚሰነቀር፣ ሳያነቡ የሚጫኑ ሰዎች ክፍያቸው ውድቅ ይደረግባቸዋል። ስለዚህ እንደ ደመወዝ ሊቆጠር አይገባም፤ ገቢው ከሳምንት ሳምንት ይለያያል።

አማዞን እ.ኤ.አ. በ2005 ስለጀመረው፣ ጥቃቅን ሥራዎችን በኦንላይን ለብዙ ሰዎች ስለሚያከፋፍለው ሜካኒካል ተርክ የሚጠይቁኝም አሉ። መልሴ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ነው፦ 2,676 ሠራተኞች ያከናወኗቸውን 3.8 ሚሊዮን ሥራዎች የመረመሩት አጥኚዎች፣ ሥራ በመፈለግና ውድቅ በተደረጉ ሥራዎች ላይ የጠፋው ጊዜ ሲታሰብ የመካከለኛው ሠራተኛ ገቢ በሰዓት 2 ዶላር አካባቢ እንደሆነ፣ ከ7.25 ዶላር (ከአሜሪካ የፌዴራል ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ) በላይ የሚያገኙትም 4 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳይተዋል።

ከሁሉ የከፋው ኪሳራ የሚመጣው ግን ከዝቅተኛ ክፍያ ሳይሆን ከአስመሳዮቹ ነው። የመመዝገቢያ፣ የሥልጠና ወይም «የደረጃ ማሳደጊያ» ክፍያ የሚጠይቅ ማንኛውም የመጠይቅ ድረ-ገጽ አስመሳይ ነው፤ ትክክለኛው መጠይቅ ለእርስዎ ይከፍላል እንጂ ከእርስዎ አይቀበልም። ሁለተኛው ዓይነት በቴሌግራም የሚቸበቸበው «የተረጋገጠ አካውንት» ነው። በቅርብ የማውቀው ሰው እንዲህ ያለ አካውንት ከነቪፒኤኑ (ያሉበትን አገር ከሚደብቀው መተግበሪያ ጋር) ገዝቶ መጠይቁን ያለ ችግር ሲሞላ ቆየና ገንዘቡን ሊያወጣ ሲል መታወቂያና የፊት ፎቶ ተጠየቀ፤ መታወቂያው የሌላ ሰው ነውና አካውንቱ ከነተጠራቀመው ገንዘብ ተዘጋ። ሻጩን ሲፈልገው ቻናሉ ጠፍቷል። ሌላ አካውንት ገዝቶ ለማካካስ መሞከር ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ ምክንያቱም ማረጋገጫው የሚመጣው ገንዘብ በሚወጣበት ጊዜ እንጂ በሚመዘገቡበት ጊዜ ላይሆን ይችላል። ሻጮቹ የሚለጥፉት የክፍያ ፎቶም ማስረጃ አይሆንም፤ ማንም በስልኩ ሊሠራው ይችላል።

በራስዎ ስም የተከፈተ አካውንት በስሕተት ከተዘጋብዎ ግን ተስፋ አለው። የጥናቱን መለያ ቁጥርና የማጠናቀቂያውን ገጽ ፎቶ ሁልጊዜ ያስቀምጡ፤ ለድጋፍ ክፍሉ «ገንዘቤን በላችሁብኝ» ብሎ ከመጻፍ፣ ቀኑንና መለያ ቁጥሩን ጠቅሶ አጭር መልእክት መላክ የተሻለ መልስ ያስገኛል። አዲስ አካውንት መክፈት ግን አያዋጣም፤ አንድ ሰው ሁለት አካውንት መያዙ ራሱ የማሰናበቻ ምክንያት ነው።

ምርጫ አጥተው ነጥብ ሰጪዎቹን ከተጠቀሙ፣ ከመመዝገብዎ በፊት ዝቅተኛው የማውጫ መጠን ስንት እንደሆነና ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ነው ወይስ በስጦታ ካርድ የሚለውን ይመልከቱ። በማይገዙበት ሱቅ የሚሠራ የ10 ዶላር ካርድ ለእርስዎ 10 ዶላር አይደለም። የማውጫው መጠን ላይ እንደደረሱም ወዲያውኑ ያውጡ፤ ብዙዎቹ ለወራት ሳይከፈት የቆየ አካውንት ላይ ያለውን ነጥብ ይሰርዛሉ፣ የአንድ ነጥብ ዋጋ ስንት ይሁን የሚለውንም የሚወስኑት እነሱው ናቸው።