ካምቢዮው አልሞተም፦ ከአሮጌ ራቭ ፎር ጋር ሐዋሳ ላይ

"ራቭ ፎርሽን አትሸጪም?" የሚለኝ ደላላ ሐዋሳ ላይ አይጠፋም። አልሸጥም። ክረምትም በጋም ነድቻታለሁ፤ ከገዛኋት ቀን ይልቅ ዛሬ እወዳታለሁ። መሀል ላይ ግን "ካምቢዮዋ አልቋል" ተብዬ በብዙ ብር ያገለገለ ካምቢዮ ላስገጥም ትንሽ ነው የቀረኝ። ካምቢዮው ምንም አልነበረውም። የምጽፈውም ስለዚሁ ነው። ሌላው ነገሯ ደህና ነው። ሞተሯ ጸጥ ያለ ነው፣ ኤሲዋ ይሠራል፣ ቤንዚን ትንሽ ትወዳለች።

መኪናዋ ቶዮታ ራቭ ፎር፣ ሞዴል 2003፣ ባለ 2.0 ሊትር፣ አውቶማቲክ፣ ፎር ዊል ናት። ለሐዋሳ ከተማማ ፎር ዊል ምን ያደርጋል? ከተማው ሜዳ ነው፣ ባጃጅ ይበቃል። እኔ የገዛኋት ለሀገረ ሰላም ብዬ ነው። ቤተሰቤ እዚያ ነው። አስፋልቱን ለቆ ወደ ገጠሩ መንገድ የገባ ሰው ክረምት ላይ ያለውን ጭቃ ያውቀዋል። በፊት ጎማ ብቻ የሚሄድ መኪና እዚያ ተገፍቶ ነው የሚወጣው።

ችግሩ የታወቀኝ ከአዲስ አበባ ስመለስ ነው። 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቼ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ልገዛ ቆምኩ። ለማቆም መሪውን እስከ መጨረሻው ስጠመዝዝ መኪናዋ ተያዘች። እግሬ ፍሬን ላይ አልነበረም። ነዳጅ ስጨምርላት ጎማው አስፋልቱ ላይ ጮኸ፣ ከሥር "ድም" አለ፣ ከዚያ ለቀቀች። በቀጥታ መንገድ ግን እንከን የላትም። በማግስቱ ጠዋት፣ ቀዝቅዛ ስታድር ደግሞ ችግሩ ብዙም አይታወቅም።

የመጀመሪያው ጋራዥ ሰውዬው ሳይነዳት ፈረደ። "እህቴ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ እንዲህ ነው፤ ሲያልቅ ይይዛል። ያገለገለ አለኝ፣ ላስገጥምልሽ።" ሁለተኛው ሴሚያሱ፣ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ነው አለ። ሦስተኛው ደግሞ "ጉልበቱን ወደ ኋላ የሚወስደውን ዘንግ፣ ትራስሚሲዮኑን አውልቀን እንጣለው፣ በፊት ጎማ ብቻ ትሂድልሽ" አለኝ።

አንድ በአንድ ልመልስላቸው። ካምቢዮው ያለቀ አውቶማቲክ መሪ እስኪጠመዘዝ አይጠብቅም። ነዳጅ ስትሰጠው ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ማርሹን ዲ ላይ ስታደርገው ዘግይቶ ይይዛል። በቀጥታ መንገድም ማርሽ ሲቀይር ይመታል። የእኔዋ ይሄ ሁሉ የለባትም። ሴሚያስም ቢሆን ጫፉ ሲያልቅ ሲዞሩ "ቀጭ ቀጭ ቀጭ" ይላል፣ ከጎማው ፍጥነት ጋር አብሮ ይፈጥናል። የእኔዋ ቀጭ አትልም፤ ትይዛለች። እነዚህ ምልክቶች ለየብቻ ናቸው። አንድ ዙር ነድቶ ማየት ይበቃ ነበር።

ሦስተኛው ሰውዬ ያለው ነገር ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ። ምክንያቱም ብዙ ሰው ይሰማዋል። የዚህች ሞዴል ፎር ዊል ሁልጊዜ የሚሠራ ነው። ጉልበቱ መሀል ላይ ባለ ዲፈረንሻል ለፊትና ለኋላ ይከፈላል። ዲፈረንሻል ደግሞ ጉልበቱን ወደ ቀለለው በኩል ነው የሚለቀው። ትራስሚሲዮኑን ካወለቅከው የኋላው መውጫ ባዶውን ይሽከረከራል፣ የፊት ጎማው የሚያገኘው እጅግ ትንሽ ነው። መኪናዋን የሚጎትታት መሀል ላይ ሆኖ ፊትና ኋላን የሚያያይዘው ዕቃ፣ ቪስከስ ካፕሊንጉ ብቻ ይሆናል፣ እሱም በሙቀት ይሞታል። ደህናውን ዕቃ ገድሎ ማስከፈል ማለት ነው። "በሌላ መኪና ሠርቶልኛል" ይሉሃል። በሌላ መኪና! ሁሉም ፎር ዊል አንድ አይደለም። በ2006 ሞዴል የመጣችው ራቭ ፎር እንኳ አሠራሯ ሌላ ነው፤ የኋላውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ካፕሊንግ ነው፣ የመቆለፊያ ቁልፍም አላት።

ነገሩን ያገኘው አቶቴ ያለ አንድ ጎሚስታ ነው። ንፋስ ላስሞላ ነበር የሄድኩት። ቁጭ ብሎ የጎማውን ጎን አነበበና "እናቴ፣ የፊቱና የኋላው እኮ አንድ አይደለም" አለኝ። የፊቱ 215/70 አር 16 ነው። የኋላው 235/60 አር 16። ሁለቱም ቸርኬው ላይ ልክ ይገባሉ፣ በዓይን ሲታዩም አዲስና ቆንጆ ናቸው። የሸጠልኝ ሰው ለሽያጭ ብሎ ያገኘውን ገጥሞበት ነው የሰጠኝ። ሲያሻሽጥም "ጎማዋ አዲስ ነው" እያለ ነበር።

አሁን ሒሳቡን እዩልኝ። የፊቱ ጎማ አንዴ ሲዞር 2 ሜትር ከ22 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። የኋላው 2 ሜትር ከ16። ልዩነቱ 6 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ትንሽ ይመስላል። ግን በአንድ ኪሎ ሜትር የኋላው ጎማ 12 ዙር ያህል አብልጦ ይዞራል። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ሲደመር ከ3,000 ዙር ይበልጣል። ይሄን ሁሉ የሚሸከመው ቪስከስ ካፕሊንጉ ነው። እሱ የታሸገ ነገር ነው፤ ውስጡ ቀጫጭን የብረት ሳህኖችና ወፍራም የሲሊኮን ዘይት አለበት። ፊትና ኋላ በእኩል ካልዞሩ ዘይቱ ይሞቃል፣ ሳህኖቹን እያጣበቀ ፊትና ኋላን አንድ ላይ ያስራል። ጭቃ ላይ የሚፈለገው ይኼው ነው። አስፋልት ላይ ሲዞሩ ግን የፊት ጎማ ከኋላው ሰፋ ያለ መንገድ ነው የሚሄደው፣ ብልጫ መዞር አለበት። ከታሰረ መዞር አይችልም፣ ስለዚህ መኪናዋ ትይዛለች። ከረጅም መንገድ በኋላ የሚብሰውና ጠዋት የሚቀንሰውም በዚህ ነው። ሞቃለች፣ ቀዝቅዛለች፣ በቃ።

ጎማ ከማዘዜ በፊት ካፕሊንጉ ጨርሶ ተጣብቆ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ምርመራው ቀላል ነው፣ ማንም መካኒክ በደቂቃዎች ይሠራዋል። መኪናዋን ሜዳ ላይ ማቆም፣ የእጅ ፍሬን መሳብ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ መደገፍ፣ ማርሹን ኒውትራል ላይ ማድረግ። ከዚያ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንስቶ በእጅ ማዞር። ከብዶ ግን በዝግታ ከዞረ ካፕሊንጉ ደህና ነው። ልክ እንደ ድንጋይ ከቆመ ተጣብቋል። ያለ ምንም ክብደት ከተሽከረከረ ሞቷል። የእኔዋ ከብዳ፣ በዝግታ ዞረች። እዚያው ጋራዥ ውስጥ እልል ልል ነበር።

የሾፌሩን በር ስትከፍቱ ትክክለኛው ቁጥር እዚያ ተለጥፏል። የእኔዋ 215/70 አር 16 ይላል። አራቱንም በአንድ ዓይነት፣ በአንድ መጠን ቀየርኩ። የኋላ ዲፈረንሻል ዘይቱንም አስቀየርኩ፤ ጥቁር ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ መያዙ ቀረ። ሻሸመኔ ደርሼ ተመልሼ፣ ሞቃ ሳለች፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዤ ሞከርኳት። ዝም ብላ ዞረች። በዚህ ክረምት ሀገረ ሰላም ላይ ሌሎች መኪኖች ተደርድረው በሚገፉበት ቦታ ወጥታለች።

"አሮጌ አውቶማቲክ ምን ያደርግልሻል?" የሚሉኝ አሉ። ምን ልግዛ ታዲያ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለውን በደንብ መርምሮ መያዝ ነው ያለን አማራጭ። አውቶማቲኩ ራሱ ቢመታባችሁ እንኳ ካምቢዮ ለማውረድ አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 ባሉት የራቭ ፎር ሞዴሎች ላይ የማርሽ መምታት ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሞተሩ ኮምፒውተር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ኩባንያው ራሱ የኮምፒውተሩን ዋስትና አራዝሞላቸው ነበር። ካምቢዮ ተቀይሮ ኮምፒውተሩ ካልተቀየረ መምታቱም አይለቅም።

የቀረኝ ቅያሪ ጎማው ነው። ከኋላ በር ላይ የተሰቀለው አሁንም 235/60 ነው። ጎሚስታው "ቅያሪ ምን አስጨነቀሽ?" ይለኛል፣ ግን መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳብኝ ከእሱ ጋር ሐዋሳ ድረስ አልነዳም። እስከ ቅርቡ ጎሚስታ ብቻ ነው የሚወስደኝ፣ እሱንም በዝግታ። ትክክለኛውን 215/70 ያገኘሁ ቀን ይወርዳል።