ያሪስ ወይስ ጃዝ፦ ልዩነቱ ከመቀመጫው ሥር ነው

ትንሽ ሐችባክ (የኋላ በሩ ከመስታወቱ ጋር ወደ ላይ የሚከፈት መኪና) ለመግዛት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የመኪናውን ቀለም፣ የተጓዘውን ኪሎ ሜትርና የሞተሩን መጠን ጠይቆ ይወስናል። ቶዮታ ያሪስንና ሆንዳ ጃዝን ለማነጻጸር ግን ከዚህ የተሻለ መነሻ አለ፤ እሱም የነዳጅ ታንኩ የት እንደተቀመጠ ማየት ነው። ሁለቱ መኪኖች በመጠንም በአገልግሎትም ተቀራራቢ ሆነው ሳለ በጠባይ የሚለያዩት በአመዛኙ ከዚህ አንድ የንድፍ ውሳኔ የተነሣ ነው። (ያሪስ በጃፓን እስከ 2020 ድረስ ቪትዝ፣ ጃዝ ደግሞ ዛሬም ፊት ይባላሉ። ሁለተኛው ስም በአማርኛ ዓረፍተ ነገር መሃል ሲገባ ስለሚያደናግር ሁለቱንም በአውሮፓ ስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ ዓመታቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሁለቱም መሠረት አንድ ነው። ትንሿ የእንግሊዝ መኪና ሚኒ በ1959 ሞተሩን በአግድም በማስቀመጥ ምን ያህል ቦታ እንደሚቆጠብ አሳየ፤ ካምቢዮው ግን ከሞተሩ ሥር ነበር። በ1964 የወጣው የጣሊያኑ አውቶቢያንኪ ፕሪሙላ በመሐንዲሱ ዳንቴ ጃኮዛ ንድፍ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጎን አደረገው፤ ይህም አሠራር በኋላ የትንንሽ መኪኖች ሁሉ ደንብ ሆነ። ከኮፈኑ ሥር ሊቆጠብ የሚችለው ቦታ ከተቆጠበ በኋላ ለመሐንዲሶቹ የቀራቸው ጥያቄ የኋላውን ክፍል እንዴት እናስፋ የሚል ነበር።

የመጀመሪያው ያሪስ በ1999 ሲወጣ ርዝመቱ 3.61 ሜትር ገደማ ነበር። ቅርጹን የነደፈው ግሪካዊው ሶቲሪስ ኮቮስ ሲሆን፣ መኪናው ለ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ ተመርጧል። የነዳጅ ታንኩ እንደ ብዙዎቹ መኪኖች ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሆነ በዚያ በኩል ወለሉን ዝቅ ማድረግ አይቻልም። ይህን ለማካካስ የኋላ መቀመጫው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደፊትና ወደኋላ እንዲንሸራተት ተደርጓል፤ በዚህም የዕቃ መጫኛው ከ205 ሊትር ወደ 305 ሊትር ያድጋል፣ የሚጨመረው ቦታ ግን የሚወሰደው ከተሳፋሪው እግር ነው። የፍጥነት መቁጠሪያው በዳሽቦርዱ መሃል መሆኑ ብዙዎችን ያስገርማል፤ አቀማመጡ መኪናውን ለግራም ለቀኝም መሪ ማዘጋጀትን ያቀልላል። በበኩሌ ልለምደው አልቻልኩም፣ ሦስተኛው ትውልድም ወደ መሪው ጀርባ መልሶታል።

ሆንዳ በ2001 ያወጣው የመጀመሪያው ጃዝ ችግሩን ከሥሩ ፈታው። ታንኩን ከፊት መቀመጫዎቹ ሥር በማምጣቱ ከኋላ መቀመጫው በታች ያለው ቦታ ባዶ ቀረ፤ ከዚህም ሁለት ጥቅም ተገኘ። አንደኛ፣ የኋላ መቀመጫው መደገፊያ ሲታጠፍ መቀመጫው አብሮ ወደ ወለሉ ስለሚወርድ ጠፍጣፋና ዝቅተኛ መጫኛ ይፈጠራል። ሁለተኛ፣ መቀመጫውን ብቻ ወደ ላይ በማንሣት ከወለል እስከ ጣሪያ ያለውን ቦታ መጠቀም ይቻላል፤ መተኛት የሌለበት ተክል ወይም ተሽከርካሪ ወንበር (ዊልቼር) በኋላው የጎን በር ገብቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በአውሮፓው ሞዴል መቀመጫው ሳይታጠፍ እንኳ የዕቃ ቦታው 380 ሊትር ነው፤ ይህም ከጃዝ በክፍል ከፍ ከሚሉ መኪኖች ጋር የሚወዳደር ነው። ጃዝ ከያሪስ በ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ መርዘሙ እውነት ቢሆንም ልዩነቱ በርዝመት ብቻ የሚገለጽ አይደለም። በ2002 በጃፓን ብዙ የተሸጠ መኪና ሆኖ ለ33 ዓመታት ቀዳሚ የነበረውን ኮሮላ ከቦታው ያወረደውም በዚህ ጥበቡ ይመስለኛል።

በሞተር በኩል ፍርዱ ይገለበጣል። የመጀመሪያው ያሪስ 998 ሲሲ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ቀላል አሠራር ያለው ሲሆን፣ የተለመደው አውቶማቲክ ካምቢዮውም ባለ አራት ማርሽ ነው። የጃዝ 1339 ሲሲ ሞተር በአንጻሩ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ ስላለው ሲለወጥ አራት ሳይሆን ስምንት ይገዛል። ይህን ሳያውቅ አራቱን ብቻ ለውጦ ጨረስኩ የሚል ሰው አይጠፋም። ሲቪቲ የተባለው፣ የተወሰነ የማርሽ ቁጥር የሌለው አውቶማቲክ ካምቢዮው ዘይቱ በወቅቱ ካልተቀየረ ከቆመበት ሲነሣ መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ስለዚህ ያገለገለ ጃዝ ሲሞከር ደጋግሞ ማቆምና ቀስ ብሎ መነሣት ከረጅም ጉዞ ይበልጥ ያስረዳል።

ደኅንነትን በተመለከተ በዩሮ ኤንካፕ የግጭት ፈተና የመጀመሪያው ጃዝ በ2004 አራት ኮከብ፣ ሁለተኛው ትውልድ ያሪስ በ2005 አምስት ኮከብ አግኝተዋል። ሁለተኛው ጃዝም በ2009 አምስት ኮከብ ደርሷል።

ሃይብሪድ (በቤንዚንና በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ) ለሚፈልግ ገዢ በ2013 በጃፓን ወጥቶ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ የተገጠመለትን ሦስተኛውን ትውልድ ጃዝ በጥንቃቄ እንዲያይ እመክራለሁ፤ ያ ሞዴል ለእርማት ተደጋግሞ ተጠርቷል፣ እርማቱ መደረጉ በሰነድ ካልተረጋገጠም መተው ይሻላል። በ2020 የወጡት የሁለቱ መኪኖች ሃይብሪዶች ግን በሚገባ የበሰሉ ናቸው። የያሪስ ባለ ሦስት ሲሊንደር 1.5 ሊትር ሞተር ከኤሌክትሪክ ሞተሩ ጋር እየተጋገዘ ጎማውን ይነዳል፤ የጃዝ ሞተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሪክ እያመነጨ በቋሚ ፍጥነት ሲጓዝ ብቻ በቀጥታ ከጎማው ጋር ይያያዛል። የጃዝ ታንክ ዛሬም ከፊት መቀመጫው ሥር ነው።

ስለዚህ ብቻውን ወይም ከአንድ ሰው ጋር የሚጓዝ፣ በጠባብ ቦታ የሚያቆምና ለጥገና ብዙ ማውጣት የማይፈልግ ገዢ ያሪስን ይውሰድ። ልጆች ያሉት፣ ቅርጹ የማይመች ዕቃ የሚጭን ወይም ከኋላ ረጃጅም ተሳፋሪዎችን የሚያስቀምጥ ደግሞ ስምንቱን ካንዴላና የካምቢዮውን ዘይት ችሎ ጃዝን ቢመርጥ አይቆጭም። የሚያመነታ ካለ ዘወትር የሚሸከመውን ትልቁን ዕቃ ይዞ ሄዶ በሁለቱም የኋላ በር አስገብቶ ይሞክር።