ፍሬም የሌለው አኳሪየም ከ11 ወር በኋላ፦ የማወራው ስለ ክዳኑ ነው

ዓሦቹ ስምንት ነበሩ። ልጄ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ አኳሪየሙ ነው። ጣቷን መስታወቱ ላይ እያሳረፈች ትቆጥራቸዋለች። አንድ ቀን መጥታ «አባዬ፣ ሰባት ናቸው» አለችኝ። ከድንጋዩ ጀርባ ተደብቆ ይሆናል አልኳት። ማታም ሰባት ሆኑ። በሦስተኛው ቀን ቤት ስጠርግ ከማስቀመጫው ስር አንድ ነገር ከመጥረጊያው ጋር ወጣ። ደርቆ እንደ ቅጠል ቀልሏል፣ አቧራ ለብሷል። ጎኑ ላይ ያሉት ሰማያዊ መስመሮች ግን ገና አልጠፉም። ለልጄ ምን ብዬ እንደምነግራት ግራ ገባኝ።

አኳሪየሙን ከገዛሁት 11 ወር ሆኖኛል። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 36 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አፉ ድረስ ቢሞላ 65 ሊትር ገደማ ይይዛል። ከላይም ከታችም ፍሬም የለውም። አምስቱ መስታወቶች የተያያዙት በሲሊኮን ማጣበቂያ ብቻ ነው። የገዛሁት ለውበቱ ነው። ከዚያ በፊት የነበረኝ ጥቁር የፕላስቲክ ፍሬም ያለው ነበር፤ ሁልጊዜ ሳጥን ያየሁ ይመስለኝ ነበር። ይሄን ሳየው ግን ውሃው ብቻውን የቆመ መሰለኝና ልቤ ሄደ።

ሻጩን «ክዳንስ የለውም?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ይሄ እኮ ክፍት ሆኖ ነው የሚያምረው» አለኝ። ቀጥሎም «ዓሣ ከተመቸው አይዘልም» ብሎ ጨመረልኝ። ይህችን ነገር እስከዛሬ በሆዴ ይዣታለሁ።

ወንድሜ፣ የሸጥክልኝ ባለ መስመሩ ትንሽ ዓሣ፣ ዜብራ ዳኒዮ፣ ተመቸውም አልተመቸው ይዘላል። ውሎው ከውሃው ወለል አጠገብ ነው። ቀኑን ሙሉ እርስ በርስ ይባረራል። ጨለማ ውስጥ መብራት ድንገት ሲበራበት ደግሞ ደንግጦ ወደ ላይ ይስፈነጠራል። ይህን እኔ አላውቅም ነበር፤ አንተ ግን ማወቅ ነበረብህ። ዓሣውንም አኳሪየሙንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሸጥክልኝ አንተ ነህ። «ይህን ዓሣ ከወሰድክ ክዳን ያስፈልግሃል» ብትለኝ ክዳኑንም እገዛህ ነበር።

ሻጩ ፎቶም አሳይቶኝ ነበር። በውሃ ውስጥ እጽዋት የተሞላ፣ ጃፓናዊው ታካሺ አማኖ ባስፋፋው ስልት የተሠራ ክፍት አኳሪየም ነበር። እውነት ለመናገር ድንቅ ነው። ግን ፎቶ ውሃ ሲተን አያሳይም።

የእኔ ውሃ በሳምንት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ይወርድ ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው። የውሃው ገጽ 60 በ30 ስለሆነ አንድ ሴንቲ ሜትር ወረደ ማለት 1.8 ሊትር ጠፋ ማለት ነው። በሳምንት ከአምስት ሊትር በላይ ወደ ሳሎኔ አየር ሄደ። የሚተነው ደግሞ ንጹህ ውሃው ብቻ ነው፤ ካልሲየሙና ሌላው ማዕድን እዚያው ይቀራል። የቧንቧ ውሃ በላዩ በጨመርኩ ቁጥር ሌላ ማዕድን እጨምርበታለሁ፤ ውሃው ማዕድን እየበዛበት ይሄዳል። አሁን የጎደለውን የምሞላው ማዕድኑ ተጣርቶ በወጣለት ውሃ ነው።

ከዚያ ነጩ መስመር መጣ። ውሃው የወረደበት ቦታ ላይ እንደ ኖራ የሚጋገር ነገር ነው። ድሮ ፍሬሙ ይህን ሁሉ ይሸፍንልኝ ነበር፤ ሳማርረው የኖርኩት ጥቁር ፕላስቲክ ለካ ሥራ ነበረው። ክዳኑም የሚያርፈው እሱ ላይ ነበር። አሁን መስመሩ ፊት ለፊት ይታያል። ውሃውን ትንሽ ቀንሼ፣ ጨርቅ አቼቶ ነክሬ፣ ወደ ውስጥ እንዳይንጠባጠብ እየተጠነቀቅኩ አሻለሁ። ጠንከር ያለውን በምላጭ እፍቃለሁ። ወደ ጥጉ ስቀርብ ግን ምላጩን አስቀምጠዋለሁ፤ ሲሊኮኑን ከቆረጠ አኳሪየሙ አለቀለት።

ቤት የመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ፍሬም ሳይኖረው አይፈነዳም ወይ?» ነው። አይፈነዳም። መስታወቱን የሚገፋው የውሃው ግፊት የሚጨምረው በጥልቀቱ ነው። ለዚህ ከፍታ የእኔ 6 ሚሊ ሜትር መስታወት አላሳፈረኝም፤ እስከዛሬ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። ማስቀመጫውን በውሃ ልክ አስተካክዬ፣ ከስሩ ስስ ፎም አንጥፌበታለሁ። የታችኛው መስታወት ሙሉ በሙሉ ማስቀመጫው ላይ ስለሚያርፍ አንዲት ጠጠር ከስሩ ብትገባ ልትሰነጥቀው ትችላለች።

ወደ ክዳኑ ልመለስ። የመጀመሪያው ከሞተ በኋላ 3 ሚሊ ሜትር መስታወት አስቆረጥኩ። የፊልተሩ ቱቦና የማሞቂያው ገመድ እንዲያልፉ አንዱን ጥግ አስከፈትኩ። መያዣ የሚሆኑ ግልጽ የፕላስቲክ ቅንጥቦችም ገዛሁ፤ የመጡት ለ5 ሚሊ ሜትር መስታወት የተሠሩ ስለነበሩ አልገባ አሉ። ትክክለኞቹ እስኪመጡ ሁለት ሳምንት ፎጣ አልብሼው ቆየሁ። እንዴት እንደሚያምር አስቡት! ክዳኑ ከገጠመ በኋላ ትነቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች ወረደ፤ ነጩም መስመር ቀነሰ። እፎይ አልኩ። በወሩ ሁለተኛው በዚያችው በተከፈተችው ጥግ ወጣ። አራት ጣት የማትሞላ ክፍተት ናት። አገኛት። ያን ቀን ተናድጄ ሁሉንም አውጥቼ ለመስጠት ተነስቼ ነበር። አሁን ጥጓን በመስኮት ወንፊት ደፍኛታለሁ።

ደግመህ ትገዛዋለህ ወይ ካላችሁኝ፣ ዛሬ አዎ እላለሁ። ጠዋት ፀሐይ በጎኑ ስትገባ አሸዋው ላይ የውሃው ጥላ ሲወዛወዝ ማየትን በምንም አልለውጠውም። ግን ስትገዙ የመስታወቱን ውፍረት በሚሊ ሜትር ጠይቁ፤ ክዳኑንና መያዣውን በዚያው ልክ አብራችሁ ያዙ። ዓሣ የምታስገቡት ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ ይሁን። ሻጩ ክዳን አያስፈልግም ቢላችሁ ለየትኛው ዓሣ እንደሆነ ጠይቁት።

አንዳንድ ሌሊት ከሳሎን «ጧ» የሚል ቀጭን ድምፅ እሰማለሁ። አንዱ ክዳኑን መትቶ ተመልሶ ወደቀ ማለት ነው። መብራት አላበራም፤ ሌላው ይደነግጣል። ጠዋት ልጄ ቀድማኝ ትነሳለች።

«አባዬ፣ ስድስት ናቸው» ትለኛለች።