የሱባ ጉሬዛዎች እና የሎጁ ምንዛሪ

ስቶክሆልም በኖርኩባቸው ዓመታት የሱባን ጫካ ለልጆቼ በወሬ ብቻ ሳሳያቸው ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ወሰድኳቸው። ጫካው አላሳፈረኝም። በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ደን በመጣ የጽድ ዘር ለማ የሚባልለት ደን ዛሬም ጫፉን ለማየት ቀና የሚለውን ሰው ባርኔጣ ያስጥላል። ጉሬዛዎቹ ነጭ ካባቸውን እያውለበለቡ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ትንሿ ልጄ ትንፋሿን ዋጠች። የምኒልክ ድኩላም አይተናል፤ ጀርባውን ብቻ። ያስጎበኘን ወጣት እግዚአብሔር ይስጠው፤ ለልጆቹ ጥያቄ አንዴም አልሰለቸም።

አንጀቴን ያሳረረኝ ሒሳቡ ነው።

ያደርነው ከሰበታ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ሎጅ ነው። ሁለት ክፍል፣ አንድ ሌሊት፣ 140 ዶላር። ጠዋት ቢጫ ካርዴን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያዬን፣ አውጥቼ ለእንግዳ ተቀባይዋ ብሰጣት «ጋሼ፣ እኛ የምናየው ፓስፖርት ነው» ብላ መለሰችልኝ። ከጀርባዋ ለአገር ውስጥ እንግዳ ከግማሽ በታች የሆነ ዋጋ በብር ተለጥፏል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የውጭ ዜጎች መብት ስለሚሰጠው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ላስረዳት ጀመርኩና ራሴን ታዘብኩት፤ ከተወለድኩበት አምባ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቄ ተወላጅነቴን በአዋጅ ቁጥር ስከራከር።

ይሁን ብዬ የባንክ ካርዴን ሰጠኋት። ፖስ ማሽኑ ብዙ ቆይቶ «አልተሳካም» የሚል ወረቀት ተፋ። ደገመች፤ ያው ነው። ሠለሰች። «ኔትወርክ ነው ጋሼ፤ ጥሬ ገንዘብ ይሻላል።» በብር ልክፈል ስላት ካልኩሌተር አነሳች። ዶላሩን ያባዛችበት ቁጥር ባንኩ በዚያው ጠዋት ካወጣው በ8 ብር ይበልጣል፤ በድምሩ 1,120 ብር።

«ይህ የየትኛው ባንክ ምንዛሪ ነው?»

«የአለቃችን ነው።»

ቀልድ መስሎኝ ጠበቅኩ። አልሳቀችም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ዋጋ በገበያ እንደሚወሰን፣ ባንኮችም የየራሳቸውን ዋጋ እንደሚያወጡ አውቃለሁ። ሎጅም ባንክ መሆኑን ግን የሰማሁት ያን ቀን ነው። የወንድሜ ልጅ በቴሌብር ልክፈልላችሁ ቢላት «የውጭ እንግዳ ሒሳብ በቴሌብር አንቀበልም» አለችው።

ሰበታ ወረድን። የመጀመሪያው ኤቲኤም ገንዘብ የለውም። ሁለተኛው እየቆነጠረ በሦስት ጊዜ ሰጠኝ፤ የስዊድን ባንኬም ሦስቱንም ጊዜ ኮሚሽኑን ቆረጠ። እዚያ ጥሬ ገንዘብ ከያዝኩ ስንት ዓመቴ! አንዳንድ ሱቆች በራቸው ላይ «ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም» ብለው ይለጥፋሉ። እዚህ ልጆቼ መኪና ውስጥ ባለ 200 ብሩን እንደ ካርታ እየደረደሩ ሲቆጥሩልኝ ቆዩ። መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ እናት ግን አራት እሸት ሰጥታን ሒሳቧን በስልኳ ተቀበለች፤ መልእክቱ ሲደርሳት ቀና ብላ እንኳን አላየችውም።

ተመልሼ ከፈልኩ፣ በአለቃው ምንዛሪ። ከአዲስ አበባ ሳይወጡ ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ቢጫ ካርድ ትቀበላላችሁ ወይ? ዶላሩን የምታሰሉት በማን ምንዛሪ ነው? መልሱን በጽሑፍ እንዲልኩላችሁ አድርጉ። «አልተሳካም» የሚለውንም ወረቀት እንዳትጥሉ። ስቶክሆልም በገባሁ በሳምንቱ ከሦስቱ የፖስ ሙከራ አንዱ ተሳክቶ ኖሮ 140 ዶላሩ ከሒሳቤ ወጥቷል። ባንኬ ማስረጃ ሲለኝ ወረቀቱን ያገኘሁት ከልጄ ደብተር ውስጥ ነው፤ ጀርባው ላይ ጉሬዛ ስላበት። እንዳለ ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸው። መልስ እየጠበቅሁ ነው።