የአራት ኪሎው የሃምሌት ሥልጠና፦ ጠዋት ንባብ፣ ከሰዓት መድረክ

አራት ኪሎ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጠው ይህ የሼክስፒር «ሃምሌት» ተውኔት ሥልጠና 8 ሳምንት ይፈጃል። ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት የምሁራን ጽሑፍ ይነበባል፣ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ልምምድ ነው። ዋጋ የሚኖረው ጠዋት የተነበበው ከሰዓት በተዋናዩ እግርና ትንፋሽ ሲፈተን ነው፤ ይህ በማይሆንባቸው ሳምንታት ከተራ ክፍል አይለይም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ግሩም ነው። ሦስቱ ጥንታዊ ኅትመቶች፣ እ.ኤ.አ. የ1603ቱና የ1604/5ቱ ኳርቶዎች (በትንሽ ቅርጽ የታተሙት መጻሕፍት)፣ የ1623ቱም ፎሊዮ (ትልቁ የተውኔቶቹ ስብስብ)፣ ጎን ለጎን ይዘረጋሉ። የ1603ቱ አጭርና ብዙ ቦታ የተዛባ ስለሆነ ምሁራን «መጥፎው ኳርቶ» ሲሉት ኖረዋል። ለአዘጋጅ ግን ሌሎቹ የማይነግሩትን ይነግረዋል፦ የሃምሌት ፍቅረኛ ኦፌልያ በምታብድበት ትዕይንት ጸጉሯን ፈትታ፣ ሉት የተባለውን ባለ ክር መሣሪያ እየመታች፣ እየዘፈነች ትገባለች። ከሰዓት ሉቱ በክራር ይተካል። ክራር ሁለቱንም እጅ ይይዛልና አበባ ማደል ከመጀመሯ በፊት የግድ ታስቀምጠዋለች። ክራሩ ወለሉን ሲነካ አዳራሹ ጸጥ ይላል። ይህን ከመጽሐፍ ብቻ ማግኘት አይቻልም።

ችግሩ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይጀምራል። በሼክስፒር ዘመን ተዋናይ ሙሉ ጽሑፍ አይሰጠውም ነበር፤ የሚደርሰው የራሱ ቃለ ተውኔትና ከእሱ በፊት ያለው ሰው የሚጨርስባቸው ጥቂት ቃላት ብቻ ናቸው። ሥልጠናው ይህንኑ በአማርኛ ሲሞክር የመጨረሻውን አንድ ቃል ብቻ ይሰጣል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር አንድ ገጽ ላይ አምስት ስድስት ዐረፍተ ነገር «ነው» ብሎ ያበቃል። ተዋናዩ ያለ ተራው ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይፋለሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አራት ቃል ይሰጠው፣ ከመካከላቸው ስም ይኑር። «ነው» ሳይሆን «ያየነው የንጉሡ መንፈስ ነው»።

መብራቱም መታረም አለበት። በሼክስፒር ቴአትር ቤት፣ በግሎብ፣ ትርኢቱ ከሰዓት በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ስለዚህ ሌሊቱን የሚያመጣው ቃሉ ነው። የተውኔቱ መክፈቻ «ማነው?» የሚለውን የሚጠይቀው በጥበቃ ላይ ያለው ዘብ ሳይሆን ሊተካው የመጣው ነው፤ ፍርሃቱ ያለው እዚያ መገለባበጥ ውስጥ ነው። ጠዋት ይህ በሚገባ ይብራራል። ከሰዓት ግን መጋረጃ ተዘግቶ አንድ አምፖል ይበራል፣ ተዋናዮቹም ጨለማውን ለአምፖሉ ትተው ያንሾካሹካሉ። መጋረጃው ይከፈት።

ለልምምድ የሚውለው አሠልጣኞቹ ያዘጋጁት የስድ ንባብ ትርጉም ነው። ለትርጉም ሥራ መነጋገሪያ ያመቻል፣ ለትንፋሽ ግን አይሆንም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመው ሃምሌት እያለ አንድ ትዕይንት እንኳ ከእሱ አለመሞከሩ ያስቆጫል።

ለመመዝገብ ያሰበ ሰው ተውኔቱን አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ይምጣ። ታሪኩን ሳያውቅ ሦስት ኅትመት ፊቱ ከተዘረጋበት የመጀመሪያው ቅዳሜ ባክኖ ይቀራል።